አንድ ሳጥን፣ አምስት ወረቀት፦ በአብዮት ዘመን ዜግነትና ማንነት

አያቴ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አሏቸው። አበባ የተሳለበት፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ድሮ ከመሐል ሜዳ ገበያ የተገዛ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ አልጋቸው ሥር ተቀምጧል። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ታስሯል።

ፋይዳ፣ አዲሱን ብሔራዊ መታወቂያ፣ ሊመዘገቡ በተነሡ ሰሞን «እስቲ ወረቀቶቼን አውጣቸው» አሉኝ። አራት ወረቀት አወጣሁ። አልጋው ላይ፣ በባናው ላይ፣ ደረደርኳቸው።

አንደኛው የ1959 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። ታጥፎ ታጥፎ እጥፋቱ እንደ ጨርቅ ለስልሷል። የተጻፈው የባለቤታቸው ስም ነው። ሁለተኛው የገበሬ ማኅበር የአባልነት ካርድ ነው። እሱም በባለቤታቸው ስም። ሦስተኛው የቀበሌ መታወቂያ ነው። «ብሔር» የሚል መስመር አለው። አራተኛው አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው።

አያቴ ከኢትዮጵያ ወጥተው አያውቁም። የሌላ አገር ዜጋም ሆነው አያውቁም። ግን አራቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ላየ ሰው፣ ስለ አራት የተለያዩ ሰዎች የሚያወሩ ይመስላሉ። ሁለቱ ስማቸውን እንኳ አያነሡም። አንዱ ብሔራቸውን ይጠይቃል። አንዱ ደግሞ ፎቷቸውን ለጥፎ ባለይዞታ ይላቸዋል።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር በእኚህ ሴት ላይ በትክክል የተለወጠው ምንድን ነው? ዜግነታቸው ነው? ማንነታቸው ነው? ወይስ ሌላ ነገር? ይህን ጥያቄ በቀላል አማርኛ ለማፍታታት እሞክራለሁ። ነገሩ ለብዙዎቻችን የመጽሐፍ ወሬ አይደለም፤ የቀበሌ ሰልፍ ላይ የምንኖረው ነው።

ከቃሉ እንጀምር

«አብዮት» ከግዕዙ «አበየ» የመጣ ቃል ነው። እምቢ አለ ማለት ነው። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ይዞታል። አብዮት ሲመጣ ሰው እምቢ የሚለው ንጉሡን ብቻ አይደለም። ትናንት «አንተ እኮ እንዲህ ነህ» የተባለውንም ነው።

«ዜጋ» ደግሞ ረጅም መንገድ የመጣ ቃል ነው። በጎንደር ዘመን በጎጃም በኩል በተጻፉ የመሬት መዛግብት ውስጥ ዜጋ የሚባለው የራሱ ርስት የሌለው፣ በባለመሬቱ ሥር የሚኖር ሰው ነበር። ዛሬ ኩሩ የሆንበት ቃል ያኔ የዝቅተኛ ሰው ስም ነበር። ቃሉ ራሱ አብዮት አይቷል ማለት ነው።

አሁን ሦስት ነገር እንለይ። ዜግነት በአንተና በአገርህ መንግሥት መካከል ያለ የሕግ ገመድ ነው። ነዋሪነት የዚህ ቀበሌ፣ የዚህ መንደር ሰው መሆንህ ነው። ማንነት ደግሞ አንተ ራስህን የምትጠራበት፣ ሌሎችም አንተን የሚጠሩበት ነው፤ ልጅነት፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ ሙያ፣ የትውልድ መንደር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሰላም ሲሆን ሦስቱ ተደራርበው ስለሚሄዱ አንድ ይመስሉናል። የሚለያዩት ግርግር ሲመጣ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር እዚህ ጋ አለ። የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የወጣው በሐምሌ 1922 ዓ.ም. ነው። አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፣ እዚህም ይወለድ ውጭ አገር፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ያ ሕግ የተተካው በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ነው። ከ73 ዓመት በላይ ኖረ። ጣልያን መጣ፣ ሄደ። ንጉሡ ወረዱ። ደርግ መጣ፣ ወደቀ። ሕገ መንግሥቱ ደጋግሞ ተቀየረ። ዘውዱን፣ መሬቱን፣ ሰንደቁን ሁሉ የነካው አብዮት የዜግነቱን ሕግ ሳይነካ አለፈ።

ታዲያ አብዮቱ ምን ለወጠ? የለወጠው «ይህ ሰው የኛ ነው» ብሎ የሚመሰክረውን አካል ነው። የእኔ ነገር ሁሉ በዚህች አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ዜግነት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ምስክርነቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሰው የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ዘር ቆጥሮ መመስከር

ከ1967 በፊት በአያቴ አገር፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ፣ አንድን ሰው የአገሩ ሰው የሚያደርገው ርስት ነበር። ርስት ማለት የመሬት ወረቀት አይደለም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድ ነው። በአባትም በእናትም በኩል መቁጠር ይቻላል። ስለዚህ ዘሩን የሚያውቅ ሰው በሁለት በሦስት አቅጣጫ መብት ያነሣ ነበር። ዘሩን ያልቆጠረ ደግሞ መሬቱ ዓይኑ እያየ ያልፈዋል። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው።

የአገሩ ስሞች ራሳቸው የአባት ስሞች ናቸው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። አፈ ታሪኩ ሦስቱ አባቶች መንዝን ተካፈሏት ይላል። ዛሬም ወረዳዎቹ በእነዚህ ስሞች ይጠራሉ። የወረዳ ማኅተም ስታይ የአንድ ጥንታዊ አባት ስም እያየህ ነው።

አያቴ እስከ ዛሬ ሰባት ቤት ሳይደናቀፉ ይቆጥራሉ። ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ አባታቸው ይጠይቋቸው ነበር አሉ። አንዱን ስም ከዘለሉ ከመጀመሪያው እንደገና። ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ዳኛ ፊት ሲቀርቡ የሚያድናቸው ወረቀት ሳይሆን ያ ቆጠራ ነበር። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ይምላሉ፣ «የእገሌ ልጅ የእገሌ ልጅ ናት» ይላሉ። በቃ። ምስክሩ ሰው ነው።

ያን ሥርዓት እንደ ገነት ላሳየው አልፈልግም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከሌላ አገር የመጣው፣ እነዚህ ሁሉ እዚያው ተወልደው እዚያው እየኖሩ የአገሩ ሰው አልነበሩም። ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ ሕጉ ይላል። ግን የሚቆጥሩት አቅኚ አባት አልነበራቸውም። ጥበበኛውን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ ሰፈር ውስጥ የዜግነት ሕግ ምን ያደርግለታል?

የካቲት 25 ቀን 1967

በዚህ ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ሆነ ተባለ። አዋጅ ቁጥር 31። ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይዝም። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይከራይም። በ800 ሄክታር ገደማ አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል።

በደቡብ አገር ለጭሰኛው ይህ ነጻነት ነበር። ከምርቱ ግማሹን ለባለመሬት ሲሰፍር የኖረ ሰው በአንድ አዋጅ ሰው ሆነ። ይህን ማሳነስ ነውር ነው። «መሬት ላራሹ» ብለው ተማሪዎች በየካቲት 1957 አደባባይ ሲወጡ ያ ጭሰኛ ነበር በዓይናቸው ያለው።

መንዝ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። አራሹ መሬቱ የእኔ ነው ይላል። ርስቱ ነዋ። አዋጁም ይህን ስለሚያውቅ እንዲህ ላለው አገር የተለየ ነገር ይዟል፦ ገበሬው አሁን በሚያርሰው ላይ ይቀጥል ይላል። ማሳው አልተወሰደም። የተወሰደው ምክንያቱ ነው። ትናንት የምታርሰው የአባትህ ልጅ ስለሆንክ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የምታርሰው የማኅበሩ አባል ስለሆንክ ነው። ያው በሬ፣ ያው ገብስ፣ ያው ዳገት፤ ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆነ። የራስ ብሩ ልጆች፣ መስፍንና መርዕድ ብሩ፣ በዚያ ጊዜ መንዝ ውስጥ ሸፍተው ነበር። ብዙ ገበሬ ለምን እንዳልጠላቸው ለመረዳት ይህን ማሰብ ይበቃል።

አባል የሚሆነውን አዋጁ ይዘረዝራል። ጭሰኛ፣ መሬት የለሽ፣ የእርሻ ቅጥር ሠራተኛ፣ ከ10 ሄክታር በታች ያለው። ከዚያ በላይ የነበረው ድልድሉ እስኪያልቅ ይቆያል። ለሸማኔውና ለቀጥቃጩ ያ ቀን ትልቅ ቀን ነበር፤ ዘር ሳይቆጥር ስሙ መዝገብ ላይ ገባ። ሴቶችስ? መዝገቡ የሚይዘው አባወራውን ነው። የአያቴ ካርድ በባለቤታቸው ስም የሆነው ለዚህ ነው። አዋጁ የእኩልነት አዋጅ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን እሳቸው የሉም።

ቋንቋውም አብሮ ተገለበጠ። ጌቶችና እሜቴ ቀሩ፤ «ጓድ» መጣ። ባላገር ሲባል የኖረው «አርሶ አደር» ተባለ። ፊውዳል፣ አድኃሪ፣ ፀረ ሕዝብ የሚሉ ቃላት እንደ ማኅተም ሰው ግንባር ላይ ይመቱ ጀመር። ልጆች «አብዮት» እና «ለውጥ» ተብለው ተሰየሙ። ይህ የኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች ከእ.ኤ.አ. 1789 በኋላ «ጌታዬ» ማለትን ትተው «ዜጋ» መባባል ጀመሩ። አንቱታውንም ለመተው ሞከሩ። ግን እነሱም በ1791 ሕገ መንግሥታቸው ዜጋን ለሁለት ከፈሉት፦ የሦስት ቀን የጉልበት ዋጋ ያህል ግብር የሚከፍለው ወንድ ይመርጣል፣ የማይከፍለው አይመርጥም። ሴቶቹም «ዜጊት» እየተባሉ ድምፅ አልነበራቸውም። ሩሲያ በእ.ኤ.አ. 1918 ነጋዴውን፣ ቄሱን፣ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራውን የመምረጥ መብት ከለከለች፤ በ1921 ደግሞ አብዮቱን ሸሽተው የወጡትን ዜግነታቸውን ገፈፈች። ያን ያህል ሰው አገር አልባ ስለሆነ በእ.ኤ.አ. 1922 የናንሰን ፓስፖርት የሚባል ልዩ ሰነድ እስከ መፍጠር ተደረሰ። አብዮት በር ይከፍታል፤ ወዲያው ደግሞ በሩ ላይ ዘበኛ ያቆማል።

በከተማ ያ ዘበኛ ቀበሌ ነበር። ቀበሌ የተወለደው በሐምሌ 1967 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን። መጀመሪያ ቤት የሚያከራይ፣ ጥቃቅን ክርክር የሚዳኝ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ አንድ ወጣት የማን እንደሆነ የሚመሰክርለት ወይም የማይመሰክርለት ይኸው ቀበሌ ሆነ። የእናቴ ወንድም ያኔ እዚያ ተማሪ ነበር። ሁለት ስም ነበረው። አንዱ እናቱ ያወጡለት፣ አንዱ የሕቡዕ ስሙ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ግን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አብረን ቆመን፣ አንድ ሰው ከኋላችን ሌላ ሰው ሲጠራ ዞረ። ስሙ አልነበረም። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

የጓሳ ሣር

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ ወደ ጓሳ ይውጣ። ከመሐል ሜዳ ሩቅ አይደለም። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውርጫማ ደጋ ነው። ጭላዳ በመንጋ ይግጣል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል። ሣሩ፣ ጓሳው ራሱ፣ የመንዝ ቤት ክዳን ነው፤ ገመዱም ከሱ ይገመዳል።

ይህን ቦታ የመንዝ ሰው ለ400 ዓመት ያህል በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። የመረጡት አለቃ ይጠብቀዋል። ሣሩን ማጨድ የሚችለው ማን ነው? የአስቦና የጌራ ዘር የሆነ። እነዚህ ሁለቱ አቅኚ አባቶች ናቸው። እንግዲህ ጓሳ ላይም የአገር ሰውነት ዘር ነበር።

የ1967 አዋጅ ይህንን ሥርዓት አፈረሰው። ቦታው የሕዝብ ሆነ ተባለ። ዘር የማይቆጥረውም ገባ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ግን የሁሉም ሲሆን የሚጠብቀው ጠፋ። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ከብት ሳይከለከል ገባ። ቆይቶ ሰዉ ራሱ ተሰብስቦ እንደገና ደንብ አወጣ። ልዩነቱ አሁን ባለመብቱ የዙሪያው ቀበሌዎች ነዋሪ ነው፤ የዘር ጥያቄ ቀርቷል። እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። አሮጌው ጥበቃ ተመለሰ፣ አሮጌው አጥር ግን አልተመለሰም። ሁለቱን መነጣጠል እንደሚቻል የጓሳ ሰዎች በእጃቸው አሳይተዋል።

ስም ሲጣበቅ

አብዮት የሰጠህ ስም ከአብዮቱ በኋላም ይከተልሃል። የአያቴ ወንድም የቄስ ትምህርት ስለተማሩ ፊደል ያውቃሉ። ስለዚህ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሁን ተባሉ። አልጠየቁም፤ መጻፍ የሚችል ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ደርግ ወደቀ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ መጣ። የቀድሞ የማኅበር ሹሞች «ቢሮክራሲ» ተባሉ። የድሮ ባላባት ወገኖች ደግሞ የፊውዳል ቅሪት። ለሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድ ለነዚህ ከ1 ሄክታር አይበልጥም ተባለ። ጸሐፊው ገበሬም መሬታቸው ተቆረሰ።

እሳቸው ዜጋ አልነበሩም? ነበሩ። ዜግነታቸውን ማን ነካው? ማንም። ግን በሬያቸውን ይዘው ከማሳቸው ግማሽ ላይ ሲመለሱ ያስመለሳቸው አንድ ቃል ነው። ፊደል በመማራቸው የተሰጣቸው ቃል።

«ብሔርዎ?»

ሦስተኛው ወረቀት የተጻፈው ከግንቦት 20 ቀን 1983 በኋላ ነው። የአያቴ ታሪክ እዚህ ላይ አጭር ነው። የቀበሌው ልጅ «ብሔርዎ?» አላቸው። «መንዜ» አሉ። «እሱ ብሔር አይደለም እማማ» አላቸው። «እንግዲያ ክርስቲያን በለኝ» አሉ። ልጁ ራሱ «አማራ» ብሎ ጻፈ። ተሳሳተ እያልኩ አይደለም። እሳቸው ግን ያን ጥያቄ በ50 ዓመታቸው መጀመሪያ የሰሙት ያን ቀን ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል። አንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች እነሱ ናቸው ይላል። አንቀጽ 6 ደግሞ እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡ። ዜግነት የግለሰብ ነው፤ ሥልጣን ግን የቡድን። ለብዙ ሕዝቦች ይህ ክብር ነበር። አልዩ አምባ ገበያ ላይ ለዘመናት ሲነግድ የኖረው አርጎባ ዛሬ በስሙ ልዩ ወረዳ አለው። ድሮ ማን ጠይቆት ያውቃል? እናቱ አንድ አባቱ ሌላ የሆነው ልጅ ግን በዚያች አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ከሁለቱ አንዳቸውን መተው አለበት።

ካርታውን ብታዩ ዛሬ ሁለት ሰሜን ሸዋ አለ። አንዱ አማራ ክልል ነው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። አንዱ ኦሮሚያ ነው፣ ዋና ከተማው ፍቼ። ድሮ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐቤቴ፣ ሰላሌ ሁሉም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃዎች ነበሩ። ሸዌ ነኝ የሚል ሰው ዛሬም አለ። የሚሞላው ቅጽ ላይ ግን ለዚያ ቦታ የለም።

ገመዱ ራሱ ሲበጠስ

እስካሁን ያልኩት ዜግነት ሳይነካ ሌላው ሲለወጥ ነው። ዜግነቱ ራሱ የተበጠሰበት ጊዜም አለ። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አደረገች። አዲስ አበባና ሌላም ቦታ የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆች ድምፅ ሰጡ። ያኔ ማንም ክፉ አላሰበም። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ ያ ድምፅ ማስረጃ ሆነባቸው። ከ70 ሺህ በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ወጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። የተሰጠው መልስ እነሱ የሌላ አገር ዜግነት መርጠዋል የሚል ነበር። በአንድ ዘመን የተፈረመች ወረቀት በሌላ ዘመን ሌላ ትርጉም ይዛ ተመለሰች።

ሌላው ቁስል ከዓይናችን ሥር ነው። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ደርግ ወደ 600 ሺህ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሰሜን ሸዋም፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ብዙው ድርቅ ያስጨነቀው ነበር፤ ሳይወድ የተጫነም ነበር። ልጆች እዚያ ተወለዱ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ የሰፋሪ ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኛሉ። የዜግነት ጥያቄ የለባቸውም። ችግራቸው መሸኛ ነው። መታወቂያ ለማውጣት ከለቀቁበት ቀበሌ መሸኛ አምጡ ይባላሉ። የለቀቁት ደግሞ ሸሽተው ነው። መታወቂያ ከሌለ ባንክ የለም፣ ሲም ካርድ የለም፣ ሥራ የለም።

ለዚህ ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ውል፣ የካምፓላ ስምምነት፣ በአንቀጽ 13 ለተፈናቃይ ሰነድ መስጠትና የጠፋውን መተካት የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። ወደ ቀድሞ መኖሪያችሁ ተመለሱና አምጡ የሚል ያልተገባ ቅድመ ሁኔታ እንዳይደረግም ይጠይቃል። ይህን አንቀጽ ቁጥሩን ጠርቶ መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሩን ያዙት።

የትኛው ወረቀት ምን ይመሰክራል?

የቀበሌ መታወቂያ የሚመሰክረው ነዋሪነትን ነው። አረንጓዴው ደብተር የመሬት ይዞታን ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ከማን፣ መቼ፣ የት እንደተወለድክ ይናገራል፤ የዜግነት ክር የሚጀምረው ከሱ ነው። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ዜግነትን ለውጭው ዓለም የሚያሳየው ፓስፖርት ነው። ፋይዳ ደግሞ ይህ ሰው ይህ ሰው ነው ይላል፤ ሌላ አይልም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ለነዋሪ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ እዚህ የሚኖር የውጭ ሰውም ያወጣል። ስለዚህ የዜግነት ማስረጃ አይሆንም። ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም።

ወረቀቶቹ ሲጋጩ የሚከፍለው ሰውየው ነው። አያቴ ባለቤታቸው ሲሞቱ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር፤ ሚስት መሆናቸውን ለማስረዳት። ደረሰኙ ላይ ሟች በሙሉ ስማቸው ተጽፈዋል። ካርዱ ላይ በቤት ስማቸው። «ሁለት ሰው ናቸው» ተባሉ። 40 ዓመት ያህል አብረዋቸው የኖሩት ሰው ሁለት ሆኑባቸው። ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ተመለሱ። ደጋግመው ሄዱ። በኋላ አረንጓዴው ደብተር ሲመጣ ስማቸው ገባ፣ ፎቷቸውም ተለጠፈ። ስማቸው የተጻፈበት የመጀመሪያው የመሬት ወረቀት ያ ነው። እሱን ለብቻው በነጭ ነጠላ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት።

ፋይዳ የተመዘገቡ ዕለት አራቱንም ይዘን ሄድን። የተወለዱበትን ዓመት ስትጠይቃቸው «ጣልያን ሲወጣ ጡት አልጣልኩም ነበር» አሏት መዝጋቢዋን። ልጅቷ አስልታ 1932 አለች። አሥሩ ጣት ሲነሣ ማሽኑ አልነበብ አለ። የማጭድና የመጅ ጣት ነው፤ መስመሩ አልቋል። ዓይናቸውን አነሣች፣ እሱ ሠራ። ከዚያ የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው ስላለፈበት ልጅቷ ወረቀቶቹን ወደ ጎን አደረገችና «የሚያውቅዎት ምስክር አለ?» አለች።

አብራን የመጣች የእድር ጎረቤታችን ነበረች። ተነሥታ «እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች፤ የራሷን የፋይዳ ቁጥር፣ አሥራ ሁለቱን አኃዝ፣ ከስልኳ አነበበች። አያቴ ዞር ብለው አዩዋት። ያን ቀን ከሰዓት ቤት ጠርተዋት ቡና አፈሉላት። የማረጋገጫውን ወረቀት አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት፤ ከ1959ኙ ደረሰኝ በላይ።